ዛኦ ዉ-ኪ፦ ውሃው ወደ ዘይት ቀለም እንዴት ተሻገረ?

ሸራ ወጣሪ፦

ስለ ቻይና-ተወላጁ ፈረንሳዊ ሠዓሊ ዛኦ ዉ-ኪ የተጻፈው አብዛኛው ነገር «የምሥራቅና የምዕራብ ድልድይ» ብሎ ይጀምርና እዚያው ላይ ይቆማል። ድልድዩ በየትኛው ሸራ ላይ፣ በምን ዓይነት የቀለም አቀጣጠን፣ በየትኛው የሥራ ዘመኑ እንደተሠራ የሚነግረን ግን ጥቂት ነው። ብሩሽ የሚይዝ ሰው የሚፈልገው ደግሞ ይህንኑ ነው። ይህን ውይይት የከፈትኩት ለዚህ ስለሆነ ዘይት ቀለም የምታውቁም፣ የቻይናን ጥቁር ቀለም የምታውቁም፣ ታሪኩን የምታውቁም እጃችሁን አስገቡበት።

ለመንደርደሪያ ያህል (ዓመታቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)፦ በ1920 ቤጂንግ ተወለደ። በ1935 ሃንግጆ በሚገኘው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ገባ፤ በኋላም በዚያው ትምህርት ቤት አስተማረ። በ1948 በመርከብ ፈረንሳይ ደርሶ ፓሪስ ተቀመጠ። በ1964 የፈረንሳይ ዜግነት አገኘ፤ በ2002 የፈረንሳይ የሥነ ጥበብ አካዳሚ አባል ሆነ፤ በ2013 ስዊዘርላንድ ውስጥ አረፈ።

የእኔ አቋም ይህ ነው። ድልድዩን በተራራው፣ በጭጋጉ ወይም ፊደል በሚመስለው ምልክት ውስጥ ብቻ የሚፈልግ ሰው ግማሹን ነው የሚያገኘው። ትልቁ ሥራ የተሠራው በቁሱ ላይ ነው። በተርፔንታይን የቀጠነ ዘይት ቀለም በውሃ እንደቀጠነ ጥላሸት እንዲፈስ፣ እንዲበተን፣ ባዶ ቦታም እንዲተው አድርጎታል። ይህ ሙሉ ሆኖ የታየው ደግሞ የአገሩን ጥቁር ቀለም ሃያ ዓመት ያህል ትቶት ቆይቶ መልሶ ከያዘው በኋላ ነው። የማይስማማ ካለ ይምጣ።

---

መስኮት፦

በመጀመሪያ አንድ ነገር ላስተካክል። ድልድዩ ፓሪስ ላይ አልተጀመረም። የሃንግጆው ትምህርት ቤት በ1928 ሲከፈት ኃላፊ የሆነው ሊን ፌንግሚየን ራሱ ፈረንሳይ ተምሮ የተመለሰ ሠዓሊ ነበር። ተማሪው የጥንቱን የጥቁር ቀለም ሥራ እየገለበጠ፣ የጂፕስ ሐውልት በከሰል እየነደፈ፣ ዘይት ቀለምም ይማር ነበር። እንግዲህ ዛኦ ከአገሩ ሲወጣ ሁለቱም መሣሪያዎች በእጁ ነበሩ።

ከዚያው ትምህርት ቤት የወጡትን ሦስቱን ጎን ለጎን ማየት ነገሩን ያጠራዋል። ዉ ጓንጆንግ በ1947 ፓሪስ ሄዶ በ1950 ወደ ቻይና ተመለሰ። በኋላ በወረቀትና በጥቁር ቀለም ላይ የምዕራቡን የቅንብር ትምህርት አስገባ። ቹ ተህ-ቹን በ1955 ፓሪስ መጥቶ በዚያው ቀረ፤ የእሱ ሸራ ከብርሃንና ከብሩሽ ፍጥነት ጋር የተያያዘ ነው። ዛኦ ደግሞ ቁስን ከምዕራብ ወስዶ ባሕርይን ከምሥራቅ አመጣ። መነሻቸው አንድ ሆኖ ሦስት የተለያየ ድልድይ ነው የሠሩት።

ሁለተኛው ነጥብ፦ ፓሪስ ከደረሰ በኋላ ጥቁር ቀለምን ሆን ብሎ ሸሽቷል። ለቻይናዊ ሠዓሊ በፓሪስ ትልቁ ወጥመድ «የሩቅ አገር ጌጥ» ሆኖ መቅረት ነበር። ገዢው የሚጠብቀው ቀርከሃና ጭጋግ ስለሆነ ያንኑ እየደጋገሙ መኖር ይቻላል። በ1951 ስዊዘርላንድ ውስጥ የሠዓሊውን የፖል ክሌን ሥራ ሲያይ ከወጥመዱ የሚያወጣ መንገድ አገኘ። ምልክት፣ ነገርን ሳይመስል፣ ዓለምን ሊይዝ እንደሚችል አየ። ክሌም በበኩሉ በ1916 የቻይና ግጥም ቃላትን በሥዕሉ ውስጥ ያስገባ ሰው ነው። እናም ዛኦ ወደ ቻይና የተመለሰበት መንገድ በአንድ አውሮፓዊ ደጅ በኩል ያለፈ ነው።

ከዚያ በ1954 «ነፋስ» የተባለው ሥዕል መጣ፤ የፓሪሱ የፖምፒዱ ማዕከል ስብስብ ነው። በቁመቱ ረዘም ባለ ጨለማ ሸራ ላይ ምልክቶች ወደ ላይ ይተናሉ። ምልክቶቹ በጥንታዊው የቻይና የሻንግ ሥርወ መንግሥት ዘመን በኤሊ ቅርፊትና በበሬ ብራኳ ላይ የተፈለፈሉትን የትንቢት ጽሑፎች ያስታውሳሉ፤ ሊነበቡ ግን አይችሉም። ቁልፉ እዚህ ላይ ነው። ቢነበቡ ኖሮ ጽሕፈት ሆነው ይቀሩ ነበር። ፊደልን ከትርጉም ሲያላቅቀው የእጅ እንቅስቃሴው ብቻ ቀረለት። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ምልክቶቹ ራሳቸው ፈርሰው የብሩሽ ምት ሆኑ። ከ1958 ገደማ ጀምሮም ርዕስ መስጠት ትቶ ሥዕሉ የተጠናቀቀበትን ቀን ብቻ መጻፍ ያዘ።

---

ጥላሸት፦

መስኮት «ባሕርይ» ስላልከው ነገር ከጥቁር ቀለሙ ወገን ላስረዳ፤ ይህ ካልገባ የዘይቱ ነገር አይገባም።

የቻይና ጥቁር ቀለም የተሠራው ከጥላሸትና ከእንስሳ ሙጫ ነው። የጥድ ጥላሸት ቀዝቃዛና ደብዛዛ ጥቁር ይሰጣል፤ የዘይት ጥላሸት ሞቅ ያለና የሚያበራ ጥቁር ይሰጣል። የቀለሙን ብትር በድንጋዩ ላይ ሲፈጩ በግማሽ የሻይ ማንኪያ ውሃ ይጀመራል፤ ሳይጫኑ፣ ቀስ ብለው እያዞሩ ከአምስት እስከ አሥር ደቂቃ ይፈጫል። ተጭኖ የሚፈጭ ሰው ሻካራ ቅንጣት ያገኛል፤ ቅንጣቱም በቀጭኑ ቀለም ውስጥ እንደ አቧራ ይታያል። ብትሩ ከድንጋዩ ሲነሣ ትንሽ የሚይዝና በፈጨበት መንገድ ላይ ድንጋዩን ለአፍታ የሚያሳይ ከሆነ ደርሷል።

ወረቀቱ ከሁሉ በላይ ይወስናል። የሹዋን ወረቀት ሁለት ዓይነት ነው። ጥሬው ቀለሙን ወዲያው ይመጥጣል፤ ብሩሹ ለቅጽበት ከቆመ ጠብታው ይሰፋል። በሙጫና በአልም የተነከረው ደግሞ ቀለሙን ላዩ ላይ ያቆመዋል፤ ለጥቃቅን ሥራ ይሆናል። ዛኦ ከጥቁር ቀለም ያመጣውን ነገር ለመረዳት የሚፈልግ ሰው ጥሬውን ይያዝ፤ በተነከረው ላይ ይህ አይታይም።

ለዘይት ሠዓሊ ዋናው ትምህርት በቻይንኛ «የተሰበረ ቀለም» የሚሉት አሠራር ነው። ቀጭኑ ገና እርጥብ እያለ ጥቁሩን መጣል፣ ወይም በተቃራኒው ጥቁሩ እርጥብ እያለ ንጹሕ ውሃ መጣል። ሁለቱ ውጤታቸው አይመሳሰልም። ጥቁር በቀጭን ላይ ሲጣል ጫፉ እንደ ፀጉር ይበተናል። ውሃ በጥቁር ላይ ሲጣል ግን ጥላሸቱን ወደ ዳር ይገፋውና መሐሉ ነጣ ያለ፣ ዙሪያው የጠቆረ ቀለበት ይሠራል። ጊዜው ሁሉ ነገር ነው። ላዩ ከማንጸባረቅ ወደ ድብዝዝነት በሚለወጥባት ቅጽበት የተጣለ ቀለም ለስላሳ ጫፍ ይሰጣል። ከዚያ ከዘገየ ጫፉ ደረቅ ይሆናል፤ ማረሚያም የለውም።

ባዶ ቦታም እንደዚሁ። በጥቁር ቀለም ሥራ ያልተነካው ወረቀት ውሃ፣ ደመና ወይም ርቀት ሆኖ ይሠራል። በ11ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ሠዓሊ ጉዎ ሺ ርቀትን በሦስት ከፍሎታል፦ ከተራራ ሥር ሆነህ ወደ ጫፉ የምታየው፣ ከፊት ተራራ ወደ ኋላው ዘልቀህ የምታየው፣ በቅርብ ካለው ተራራ ወደ ሩቁ አግድም የምታየው። ዓይን በአንድ ቦታ አይታሰርም፤ ይጓዛል። የዛኦን ትልልቅ ሸራዎች ሲያዩ አድማሱን ፈልጎ የሚያጣ ሰው ምክንያቱ ይህ ነው። ሦስቱም ርቀቶች በአንድ ሸራ ላይ ይገኛሉና።

---

የተልባ ዘይት፦

ጥላሸት ጥሩ አድርገህ አስረዳህ። አሁን ይህ በዘይት ለምን ከባድ እንደሆነ እኔ ልቀጥል።

ውሃ ተንኖ ይሄዳል፤ ጥቁሩ ቀለም በደቂቃዎች ይደርቃል። ዘይት ግን አይተንም። ከአየር ኦክስጅን ወስዶ ይጠጥራል፤ ቀናት ይፈጃል። የሚተነው ተርፔንታይኑ ብቻ ነው። እንግዲህ ዘይት ቀለምን እንደ ውሃ ለማፍሰስ ተርፔንታይን ሲያበዙበት ቀለሙን ከሸራው ጋር የሚይዘው ዘይት ይሳሳል። የደረቀውን በጣት ሲነኩት ዱቄት እየሆነ ይወጣል። ጥያቄው ሁሉ የውሃን ፍሰት የዘይትን መያዣ ሳያጡ እንዴት ማግኘት ይቻላል የሚለው ነው።

የምሰጣችሁ ልኬት ለልምምድ የሚያገለግል የተለመደ የስቱዲዮ ልኬት ነው፤ የዛኦ ቀመር ነው ብላችሁ እንዳትወስዱት።

ሸራው ሦስት ጊዜ ጄሶ (ቀለሙን የሚቀበል ነጭ የመሠረት ቅብ) ይቀባል፤ በየመሐሉ በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል ተደርጎ ይታሻል። አክሪሊክ ጄሶ ከሆነ ዘይት ከመንካቱ በፊት ቢያንስ ሦስት ቀን ይቆይ። ለመጀመሪያው ሽፋን አንድ እጅ ቀለም በአንድ እጅ ተርፔንታይን፤ ከዚህ በላይ አታቅጥኑ። የበለጠ እንዲፈስ ከፈለጋችሁ አንድ እጅ ስታንድ ኦይል በሦስት እጅ ተርፔንታይን ቀላቅላችሁ በዚያ አቅጥኑት። ስታንድ ኦይል ማለት ያለ አየር በሙቀት የወፈረ የተልባ ዘይት ነው፤ ራሱን ያስተካክላል፣ የብሩሽ መስመር ያጠፋል፣ ቢጫነቱም ከተራው የተልባ ዘይት ያነሰ ነው። ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ሽፋን ቅባቱን ጨምሩ፤ አንድ እጅ በሁለት እጅ ተርፔንታይን ይሁን። «ቅባት የበዛው በቀጭኑ ላይ» የሚባለው ይህ ነው። ተገልብጦ ከተሠራ ከሥር ያለው ገና እየተነፈሰ ላዩ ይደርቅና ይሰነጠቃል።

የተሰበረውን ቀለም በዘይት ለማምጣት ሸራውን ወለል ላይ አጋድሙት። መጀመሪያ ቀጭኑን የስታንድ ኦይልና የተርፔንታይን ቅልቅል ብቻ፣ ያለ ቀለም፣ በሰፊ ብሩሽ አልብሱት፤ ከዚያ የቀጠነውን ጥቁር ጣሉበት። ተበትኖ የፈለጋችሁት ቦታ ሲደርስ አትንኩት። የሚፈስ መስመር ካስፈለገ አንዱን ጎን አሥራ አምስት ዲግሪ ያህል ከፍ አድርጉት። አቁማችሁ ብትሠሩ ጠብታው ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል፤ ያ ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ቋንቋ ነው።

ስለ ጥቁሩ ምርጫ ልጨምር፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የአጥንት ጥቁር ቅባት የሚጠጣና ቀስ ብሎ የሚደርቅ ነው፤ ሳምንትም ሊያልፈው ይችላል። በታችኛው ሽፋን ላይ አስቀምጠው በላዩ ቶሎ የሚደርቅ ቀለም የሚጭን ሰው ስንጥቅን በእጁ እየሠራ ነው። ለታችኛው ሽፋን የተቃጠለ ኡምበር የሚባለውን ቡናማ የአፈር ቀለምና አልትራማሪን ሰማያዊ ቀላቅሉ። ኡምበር ማንጋኒዝ ስላለው በፍጥነት ይደርቃል፤ ሰማያዊው ሲበዛ ቀዝቃዛ፣ ኡምበሩ ሲበዛ ሞቃት ጥቁር ታገኛላችሁ። ጥላሸት ከላይ የጠቀሳቸውን ሁለቱን የጥላሸት ዓይነቶች በዚህ መንገድ ማቀራረብ ይቻላል። ከነጩ ደግሞ ዚንክ ብቻውን አይሁን፤ ዓመታት ሲያልፉ እንደ ብርጭቆ ተሰባሪ ይሆናል፤ ላዩ ያለውንም ይዞ ይላቀቃል።

እባካችሁ አንድ ነገር አትርሱ። የተልባ ዘይት የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተጣለ ራሱ ሞቆ እሳት ሊያነሣ ይችላል። አንድ በአንድ ተዘርግቶ ይድረቅ፤ ወይም ውሃ ባለበት ክዳን ያለው የብረት ዕቃ ውስጥ ይግባ። ተርፔንታይንም በተዘጋ ክፍል አይሠራበትም።

---

ጀማሪ ብሩሽ፦

የተልባ ዘይት፣ ስለ ዝርዝሩ በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጥያቄ አለኝ። ቀጭኑ ሽፋን እርጥብ ሳለ ጥልቅ ይመስላል፤ ሲደርቅ ግን ጥቁሩ እዚህም እዚያም ግራጫ ሆኖ ይደበዝዛል። ዛኦ ላይ ጥቁሩ ጥልቅ እንደሆነ ነው የሚታየው። ስህተቱ የት ነው?

---

የተልባ ዘይት፦

ያ የዘይት መስረግ ነው። ከሥር ያለው ሽፋን ወይም ጄሶው ዘይቱን መጥጦት ላይ የቀረው ቅንጣት ብቻ ሆኗል። ሦስት ምክንያት ይኖረዋል፦ ጄሶው በጣም መጣጭ መሆኑ፣ ተርፔንታይኑ መብዛቱ፣ ወይም ከሥር ያለው ሽፋን ሳይደርቅ ላዩ መቀባቱ።

ማረሚያው ቀላል ነው። ሥዕሉ ሲነካ የማይጣበቅ እስኪሆን ጠብቅ። አንድ እጅ ስታንድ ኦይል በሁለት እጅ ተርፔንታይን ቀላቅለህ፣ ክር በማይለቅ ጨርቅ በደበዘዘው ቦታ ላይ በጣም በስሱ አሸው። አምስት ደቂቃ ቆይተህ ትርፉን በንጹሕ ጨርቅ ጥረገው። ቀለሙ ወዲያው ወደ ጥልቀቱ ይመለሳል፤ በዚያው ቀን ብትቀጥል ደግሞ አዲሱ ሽፋን ከሥሩ ጋር በደንብ ይያያዛል። አብዝተህ ከተውከው ግን ቢጫ የሚሆን የሚያጣብቅ ቆዳ ይሠራብሃል። ለቫርኒሽ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጠብቅ።

ግን ድብዝዝነትን ሁሉ እንደ ጥፋት አትቁጠረው። አንጸባራቂ ጥቁር ከደብዛዛ ጥቁር አጠገብ ሲቀመጥ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሆን ብለህ የተውከው ከሆነ መሣሪያ ነው።

---

ነጠብጣብ፦

ሁላችሁም ጥሩ ትጽፋላችሁ፤ ግን ከቻይና ብቻ የምትቀዱት ነገር አልተዋጠልኝም። በ1957 ኒው ዮርክ ሄዷል፤ የአሜሪካን ረቂቅ ሥዕል በቅርብ አይቷል። ከዚያ በኋላ ሸራው ሰፋ፣ ምቱ ጠነከረ፣ ቀለሙ ወፈረ። የ1960ዎቹ ሥራው ከጭጋጋማ ተራራ ይልቅ ለእነዚያ ሠዓሊዎች ይቀርባል። ድልድይ ከሆነም ሦስት ምሰሶ ያለው ነው።

---

መስኮት፦

ነጠብጣብ፣ ሦስተኛው ምሰሶ ትክክል ነው፤ እቀበላለሁ። የሸራው ስፋትና የክንዱ ነፃነት ያለ ኒው ዮርክ በዚያ ፍጥነት አይመጣም ነበር። ግን ልዩነቱን ሸራው ፊት ቆመህ ተመልከት። በዚያን ጊዜው የአሜሪካ ሥዕል ላይ ቀለሙ ባብዛኛው ላዩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዳር እስከ ዳር እኩል ክብደት ያለው መሬት ነው። የዛኦ ሸራ ግን ወደ ውስጥ ይከፈታል። በ1964 ለሙዚቃ ደራሲው ኤድጋር ቫሬዝ መታሰቢያ የሠራው ሥዕል ቁመቱ 255፣ ወርዱ 345 ሴንቲ ሜትር ነው። መሐሉ ላይ ግጭቱ ተከማችቷል፤ ዙሪያው ግን ጨለማና ጥልቀት ስለሆነ ዓይን ከግጭቱ አልፎ ወደ ኋላ የሚሄድበት በር ያገኛል። ይህ ከላይ የተነገረው ከፊት ተራራ ወደ ኋላ የሚዘልቀው ርቀት ነው።

አሠራሩም ይለያል። በ60ዎቹ ሸራዎች ላይ ወፍራሙ ቀለም ተፍቆ፣ በብሩሹ እጀታ ወይም በቢላዋ ተጭሮ የሥሩ ሽፋን ሲወጣ ይታያል። በዚያ የተጫረ መስመር ውስጥ የ1954ቱ ምልክት አለ፤ አልጠፋም፤ ወደ ቁሱ ውስጥ ገብቷል።

---

ሸራ ወጣሪ፦

ወደ 1970ዎቹ ልውሰዳችሁ፤ ለእኔ ዋናው መታጠፊያ እዚያ ነው። ሁለተኛ ሚስቱ ሜይ ታማ ነበር፤ በ1972 ሞተች። በ1971 ትልልቅ ሸራ መያዝ ባቃተው ጊዜ ወዳጁ ባለቅኔው ኦንሪ ሚሾ ወደ ጥቁር ቀለምና ወረቀት እንዲመለስ አበረታታው። ሚሾ ራሱ በጥቁር ቀለም የሚሠራ ሰው ስለነበር ምክሩ ከሥራ የመጣ ነው። በዚያው 1972 ዛኦ የሜይን መታሰቢያ ሥዕል ሠራ፤ ቁመቱ 2 ሜትር፣ ወርዱ ከ5 ሜትር የሚበልጥ ዘይት ቀለም ነው፤ የፖምፒዱ ማዕከል ስብስብ ነው።

ወደ ወረቀት መመለሱ በዘይቱ ላይ ያደረገውን ተመልከቱ። ከዚያ በፊት ሸራው ሞልቶ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ባዶው መሐል ይሆናል። ግጭቱ ወደ ዳር ይሸሻል፤ ቀለሙ ይቀጥናል፤ ጠብታው፣ ፍሰቱ፣ ቀለበቱ በግልጽ ይታያል። የተሰበረው ቀለም ዘይት ውስጥ ገባ ማለት ይህ ነው። ባዶው ግን ያልተነካ ሸራ እንዳይመስላችሁ። በወረቀት ላይ ባዶን መተው ይቻላል፤ በሸራ ላይ ግን ጄሶው የሞተ ነጭ ነው። ስለዚህ ባዶው መሠራት አለበት፤ በስሱ ግራጫ፣ በስሱ ሮዝ፣ በስሱ ቢጫ ተደራርቦ ነጭ እንዲመስል ይደረጋል። ወረቀቱ በነፃ የሚሰጠውን ነገር ዘይት ሠዓሊ በብዙ ሽፋን ይከፍልበታል። ይህን የማያውቅ ሰው «ባዶ ቦታ ተውኩ» ብሎ ያልተጨረሰ ሸራ ይዞ ይቀራል።

በ1986 ለፈረንሳዊው ሠዓሊ ለማቲስ የሠራው መታሰቢያ ደግሞ ድልድዩን ከሌላው ጫፍ ያሳየናል። ማቲስ በ1914 በፈረንሳዩዋ ከተማ በኮሊዩር የሠራው የመስኮት ሥዕል አለ፤ መሐሉ ጥቁር ነው፤ ግራና ቀኙ ቁመታም የቀለም ድርድር። ዛኦ ያንን ጥቁር ወስዶ ጥልቀት ሰጠው። ፈረንሳዊው መስኮት የዘጋበትን ቦታ እሱ ከፈተው። ከጥቁር ብርሃን የሚጠብቅ፣ ጥላሸት ሲፈጭ ያደገ ዓይን ነው።

---

ነጠብጣብ፦

እሺ፣ በባዶው ላይ አሳምነኸኛል። ስለ «ሰኔ-ጥቅምት 1985» ግን ማንም አላነሣም፤ ሰው ሁሉ ስለ ዋጋው ብቻ ነው የሚያወራው።

---

መስኮት፦

ዋጋውን ባጭሩ ልጨርሰው፦ በ2018 ሆንግ ኮንግ ውስጥ በጨረታ 510 ሚሊዮን የሆንግ ኮንግ ዶላር ወጣበት። ሥዕሉ ባለ ሦስት ክፍል ሆኖ ቁመቱ 2 ሜትር ከ80፣ ወርዱ 10 ሜትር ነው። ያዘዘው ወዳጁ አርክቴክት አይ. ኤም. ፔይ ነው፤ ለሲንጋፖሩ የራፍልስ ሲቲ ሕንጻ።

ከዋጋው ይልቅ ርዝመቱ ይገርመኛል። የቻይና የጥቅልል ሥዕል አንባቢው ክንድ ለክንድ እየገለጠ፣ ያለፈውን እየጠቀለለ የሚጓዝበት ነው። የአውሮፓ ባለ ሦስት ክፍል ሥዕል ደግሞ ከመሠዊያ የመጣ፣ መሐሉ ዋና፣ ክንፎቹ አጃቢ የሆነ ነው። በዚህ ሸራ ሁለቱ ይገናኛሉ። ሰውነትህ ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው እንደ ጥቅልል ይጓዛል፤ ክፍፍሉ ግን በሦስት ቦታ እንድትቆም ያደርግሃል።

በተግባር ለሚሞክር ሰው አንድ ማሳሰቢያ፦ ፓነሎቹን ለየብቻ ሠርቶ በመጨረሻ የሚያገጣጥም ሰው መጋጠሚያው ላይ ዕርቅ አያገኝም። ከመጀመሪያው ሽፋን ጀምሮ ጎን ለጎን ይወጠሩ። የሚያልፈው ምት መጋጠሚያው ላይ ሳይዘገይ፣ በአንድ እስትንፋስ ይለፍ። የፓነሎቹ ጎን ጠርዝም ይቀባ፤ አለበለዚያ በክፍተቱ ነጭ ክር ይታያል።

---

ጥላሸት፦

ሥራዎቹን በአካል የማየት ዕድል ለሚገጥማችሁ ሦስት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ በሸራው ቁመት ሁለት እጥፍ ርቀት ቁሙና ዓይናችሁ የት ገብቶ የት እንደሚወጣ ተከተሉ። ቀጥሎ ሙዚየሙ እስከሚፈቅድላችሁ ድረስ ቀርባችሁ የጠብታዎቹን አቅጣጫ እዩ። ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሄደ ካለ ሸራው ቆሞ ነበር፤ በሁሉም አቅጣጫ የሰፋ ኩሬ ካለ ተጋድሞ ነበር ማለት ነው። በመጨረሻ ወደ ጎን ሄዳችሁ በአግድም ብርሃን ተመልከቱት፤ ወፍራሙና ቀጭኑ የሚለየው ያኔ ነው። ፎቶ ይህን አያሳይም። ፎቶ ላይ የ1960ዎቹም የ1980ዎቹም ጥቁር አንድ ይመስላል፤ በአካል ግን የመጀመሪያው ይነሣል፣ ሁለተኛው ይሰጥማል።

ለልምምድ ደግሞ ከወረቀቱ ጀምሩ እላለሁ። በጥሬ ወረቀት ላይ ሃያ ያህል ሥሩ፤ ከመካከላቸው ባዶው የሚሠራበትን አንዱን ምረጡ፤ ከዚያ ወደ ዘይት ስትሻገሩ ቅርጹን አትገልብጡ፤ የትኛው መጀመሪያ እንደተጣለ፣ የትኛው እርጥብ ሳለ እንደተነካ ብቻ ጻፉና ያንን ቅደም ተከተል በሸራው ላይ ድገሙት። ወረቀቱን ልትለጥፉ ካሰባችሁ የተቀባው ቀለም በደንብ እስኪደርቅ ይቆይ። ከተፈጨ በኋላ ሳይሠራበት ለቀናት የቆየ ወይም ሙጫው የሳሳ ቀለም ወረቀቱ በማጣበቂያ ሲርስ ይለቃል፤ የተዋችሁት ባዶ ላይም ግራጫ ይፈሳል።

---

ሸራ ወጣሪ፦

የጥላሸት የመጨረሻ ነጥብ አንድ ነገር አስታወሰኝ። ዛኦ ፓሪስ እንደገባ ገና የድንጋይ ኅትመት ሲሞክር ቀለሙን በውሃ አብዝቶ አቀጠነው፤ እንዲህ እንደማይሠራ ቢነገረውም አልተወም። ከዚያ የወጡትን ስምንት ሊቶግራፎች (የድንጋይ ኅትመቶች) አይቶ ነው ሚሾ በ1950 ግጥም የጻፈላቸው። ውሃው መሻገር የጀመረው እንግዲህ ሸራ ላይ ሳይደርስ፣ ድንጋይ ላይ ነበር።

ለምን እንዳይሆን እንደተነገረው ለኅትመት ሠራተኞች ግልጽ ነው። ሊቶግራፍ ቅባትና ውሃ በመገፋፋታቸው ይሠራል። ቅባታሙ ቀለም በውሃ ሲቀጥን በድንጋዩ ላይ የሚቀረው ቅባት በጣም ትንሽ ይሆናል። ከኅትመት በፊት ድንጋዩ የሚታከምበት አሲድ ትንሽ ከጠነከረ ስሱ ግራጫ ተበልቶ ይጠፋል፤ ከላላ ደግሞ ከጥቂት ኅትመት በኋላ ጥቁሩ ይደፈንና ጭቃ ይሆናል። ሊሞክር የሚፈልግ ሰው የተጣራ ውሃ ይጠቀም፤ ድንጋዩን በውሃ ልክ አስተካክሎ ያጋድመው፤ ኩሬው ራሱ እስኪደርቅ ምንም አይንካው፤ በማራገቢያም አያፋጥነው። ለስሱ ግራጫ አሲድ ሳይጨመርበት የአረቢያ ሙጫ ብቻ ይቀባ፤ አሲዱ ለጥቁሩ ቦታ ብቻ በጠብታ ይጨመር። ከኅትመት ክፍል ያላችሁ ካላችሁ የጠብታውን ልክ እዚህ ብትጨምሩልን ጥሩ ነው።